«ወርቁ የታለ?»

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለዚህች መጽሔት ከደረሱን ግጥሞች አንዱን መለስነው። መመለስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገጹ ጥቂት፣ ገጣሚው ብዙ ነውና ከምናትመው የምንመልሰው ይበልጣል። ያን ግጥም ግን ከዚያ ወዲህ ባነሣን በጣልነው ቁጥር የመለስንበት ምክንያት እየሰለለብን መጣ። አንድ ቀን በመዘናጋት የተሠራ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቀን በዘጋነው። ግን አመል ነው። ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ቤተሰብና በየዕለቱ ስለሚከበን ነገር ስንገጥምም ሆነ ሌላው የገጠመውን ስናነብ የተጠናወተን አመል። እንግዲህ ይህን ሂስ ስንጽፍ ጣታችንን የምንቀስረው አስቀድመን ወደ ራሳችን ነው።

ግጥሙ ስለ ምጣድ ነው። ጸሐፊዋ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እናቷ እንጀራ ሲጋግሩ ያየችውን ነው የጻፈችው። እንጀራ ሲጋገር እያየ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የመጀመሪያዋ እንጀራ መልክ የላትም። ምጣዱ ገና ሙቀቱን አልያዘም፤ በጎመን ዘር ቢታሰስም ሊጡን ይዞ አለቅም ይላል። ያቺ ትወፍራለች፣ ትቆራረጣለች፣ ዓይን አታወጣም። ማሟሻ ትባላለች። ከሷ በኋላ ነው ደህናው እንጀራ በሰፌድ እየወጣ ወደ መሶቡ የሚሄደው። ልጅቱ ያስተዋለችው ያቺ ማሟሻ የት እንደምትገባ ነው። ከግጥሙ አራት ስንኞች እነሆ፦

ማሟሻዋን ለሷ፣ ዓይናማዋን ለኛ፣
ስታካፍል ኖረች፣ እሳቱ እስኪተኛ።
አልጠየቅናትም፣ እሷም አልነገረች፤
ግድግዳ ተደግፋ፣ ያቺኑ ጎረሰች።

ሌላው ስለ ጭሱ፣ ስለ ኩበቱ፣ እናቲቱ ዘወትር ስለምትደገፈውና ከጀርባዋ ብዛት ስለለሰለሰው የጭቃ ግድግዳ ነው። በቃ።

በንባብ ክበባችን ግጥሙ ሲነበብ ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ወርቁ የታለ?» አለ። ሌላው፣ «እኛም ቤት እኮ እንጀራ ይጋገራል» ብሎ አሳቀን። ሳቅን። ሦስተኛው ግጥሙን ሊያድነው ፈልጎ፣ «ቆይ፣ ቆይ! እናቲቱ እኮ ኢትዮጵያ ናት፤ ማሟሻዋ ደግሞ...» እያለ ይፈታ ጀመር። ይኼን ጊዜ ሁላችንም ነፍስ ዘራን። እንዲህ ከሆነማ ይታተማል ተባለ፤ ርእሱ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ብትጨምርበት። ልጅቱ ግን፣ «እናቴ ናት» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ከዚያን ቀን በኋላ ወደ ክበቡ አልመጣችም።

በዚያው ቅጽ ያተምነውን የእናት ግጥም አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። (የገጣሚውን ስም አናነሣም፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ስለሆነ መገመት አያዳግትም።) እዚያ እናት ሻማ ናት፤ እየቀለጠች ታበራለች። ቀጥላ ምሰሶ ትሆናለች፣ ቀጥላ ምንጭ፣ ቀጥላ ጥላ፣ በመጨረሻ መልአክ። ቤቱ አንድም ቦታ አይሰበርም፤ ዜማው ይፈስሳል፤ ሲነበብም ተጨብጭቦለታል። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ስንኝ በኋላ ይህቺ ሴት ትስቅ እንደሆነ፣ ትቆጣ እንደሆነ፣ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትነካው ምን እንደሆነ አናውቅም። የገጣሚው እናት ጉልት ቁጭ ብለው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ፣ ሒሳብ በጣታቸው የሚቆጥሩ፣ የዱቤ ገንዘባቸውን የካዳቸውን ሰው ስም ከነአባቱ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱ ሴት መሆናቸውን የሰማነው ከራሱ ከገጣሚው አፍ፣ ሻይ ስንጠጣ ነው። የሻይ ቤቷ እናት የግጥሟን እናት መቶ እጅ ትበልጣታለች። ታዲያ ስለምን ወረቀቱ ላይ አልወጣችም? ጉልቱ ለግጥም የማይበቃ መስሎት። እንዲመስለው ያደረግነውም እኛው ነን።

ለመሆኑ «ወርቁ የታለ?» የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ? ከቅኔው ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል። ሰምና ወርቅን የምንነቅፍ እንዳይመስል። ችግሩ የቅኔውን ግማሽ ብቻ ይዘን መሮጣችን ነው። ከመካከላችን ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የቆየ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የቆጠረ አንድ ጓደኛ አለን። (ያን ዕለት አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።) እሱ እንዳስረዳን ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እጁን ሲያፍታታ የኔታ መጀመሪያ የሚያዩት ወርቁን አይደለም፤ ሰሙ በእርግጥ ሰም መሆኑን ነው። ሰማዕትን በእህል ልመስል ያለ ተማሪ፣ እህሉ መጀመሪያ ይዘራል፣ ይፈርሳል፣ ይበቅላል፣ ያሸታል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ እንደሆነ ግሡ ለሰሙም ለወርቁም እኩል መሥራት አለበትና፣ ገበሬ የማያውቀው እህል ሲዘራ ሰማዕቱም አብሮ ይበላሻል። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ሲል ከጎጆው ወጥቶ ጫካ ለጫካ፣ ዛፍ ሥር ለብቻው መቀመጡ ለጸጥታው ብቻ አይመስለንም። ንቡም፣ ጉንዳኑም፣ ደመናውም ያለው እዚያ ነው። ይኼኛው የራሳችን ግምት ነው፤ የዋሸራም ሆነ የዋድላ ሊቃውንት ቢሰሙን ይቅር ይበሉን።

እኛ ግን ከቅኔው የወሰድነው ጥያቄውን ብቻ ነው። ሰሙን አይተን ሳንጨርስ ወርቅ እንቆፍራለን።

ወደ ተፈጥሮ ግጥሞቻችን ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ያለፉትን ጥቂት ቅጾች አገላብጠናል። ጨረቃዋ ምንጊዜም ሙሉ ናት። ወንዙ ምንጊዜም ኩልል ያለ ነው፤ ይህን የጻፈው ልጅ የቀበናን ድልድይ ለዓመታት አፍንጫውን ይዞ ሲሻገር የኖረ ነው። ቅጠል ይረግፋል። ኧረ የት ነው የሚረግፈው? ጽዱም፣ ወይራውም፣ ባሕር ዛፉም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ያ የሚረግፍ ቅጠል ከእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፋችን ላይ የረገፈ ነው። አደይ አበባ ስትፈነዳ ደግሞ «ጸደይ ገባ» እንላለን። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ አደይ የምትፈካው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም፣ መጸው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። የአውሮፓው አበባ የሚያብብበትን ወቅት ስም አምጥተን በእኛይቱ አደይ ላይ ለጠፍንባት። «ስሙ ቢለዋወጥ ምን አለበት? ሰው ሁሉ ጸደይ ይል የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ይበል፤ በወሬ መካከል እኛም እንላለን። ግን ገጣሚው ከስሙ ጋር የሩቁን አገር ወቅትም አብሮ ሲያስገባ፣ አደይን አደይ የሚያደርጋት ነገር ያመልጠዋል። አደይ የምትመጣው ጭቃው ሳይደርቅ፣ ያምናው እህል ከጎተራ ተሟጦ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። አበባው ደርሷል፤ እንጀራው አልደረሰም። ይህን ያየ አንድም ግጥም በገጾቻችን ላይ አላገኘንም።

ከመካከላችን አንዱ ጣናን ሳያይ ስለ ጣና ገጥሟል፤ እኛም አትመንለታል። ታንኳዋ ሸራዋን ዘርግታ በጨረቃ ትንሳፈፋለች። ባሕር ዳር ያደገች አንዲት አንባቢያችን በደብዳቤ እንዳስታወሰችን፣ የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ ይኖርበታል። አፈርን። ከማፈራችንም በላይ ቆጨን። ጠጥቶ የሚከብድ፣ ደርቆ የሚቀልል ጀልባ ለገጣሚ ስንት ነገር በሰጠው ነበር!

ስለ ዝግባ የተገጠመውም ሞልቷል። ከመኝታ ክፍላችን መስኮት የሚታየው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለው፣ የጭቃ ቤቷን ማገር የሆነው እሱ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ተፍልቶ የታጠንነው እሱን ነው። ለብዙ ዘመን ሴቶች ከእንጦጦ ጎብጠው ያወረዱት ጭራሮና ቅጠል የሱ ነው። ውኃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም እየተባለም ይወቀሳል። መጤ ሆኖ አገሬ የሆነ፣ እየተሰደበ የሚተከል ዛፍ። ይህ ሁሉ ታሪክ መስኮታችን ላይ ቆሞ እያፏጨ በገጾቻችን ላይ ግማሽ ስንኝ አላገኘም። ዝግባን ግን፣ በእውነት እንናገርና፣ አብዛኞቻችን ብናየው አንለየውም።

እዚህ ላይ ባለ ቅኔው ሕዝብ ሊታዘበን ይችላል። በቃል ግጥም ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ለቤት መምቻ የሚገባ ነው። ስለ ተራራው፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ ጎመኑ ይልና በሁለተኛው ስንኝ ወደ ልቡ ነገር ይዞራል። ታዲያ ያ ለቤት መምቻ የመጣው ጎመን እንኳ ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን ነው። ክፍል ውስጥ «ቡሄ በሉ ቤት» ብለን የምናጠናው ምጣኔም ስሙን ያገኘው ነሐሴ 13 ቀን ልጆች በየደጁ እየዞሩ ከሚሉት ነው። የምጣኔያችን ስም ሳይቀር ከደጅ የተለቀመ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ደጁን ለግጥም አይበቃም አልን።

አንድ ከባድ ክርክር ይቀራል። የክበባችን አባላት የሆኑ ሁለት ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ ገና ሳንጨርሰው፣ «ሕዝብ በስንት መከራ ውስጥ እያለ ስለ ማሟሻ?» ብለውናል። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የተማሪ ግጥም በአገራችን ስም ያወጣው በአደባባይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ካሰማ ወዲህ፣ ግጥም ይዞ መድረክ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ወደደም ጠላም በዚያ ጥላ ሥር ነው የሚቆመው። ክብሩ ይገባዋል። እኛ የምንፈራው ከዚያ ትውልድ ድፍረቱን ትተን ድምፁን ብቻ እንዳንወርስ ነው። «ድሃ» የሚል ቃል ያለበት ግጥም ሁሉ ድሃን አይቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል፣ ማሟሻዋን ማን በላ? ከሁሉ የከፋችው ለማን ደረሰች? ሳይጠየቅስ ስንት ዓመት ቆየ? ይህ እኮ ስለ አከፋፈል የሚጠይቅ ግጥም ነው፤ የጠየቀው ግን በአንድ ቤት፣ በአንድ ምጣድ ዙሪያ ነው። ይህንንም ስንል እየፈራን ነው። ፊት በአንድ በኩል ኢትዮጵያን ካልሆነች ብለን የገፋናትን ሴት፣ አሁን ደግሞ በሌላ በኩል የድሃ ሁሉ ተወካይ አድርገን እንዳንሾማት። ልጅቱ እናቴ ናት ብላለች።

ታላላቆቻችን ዘንድ ብንሄድ የሚያበረታን እናገኛለን። መንግሥቱ ለማ አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን አስነግሮ ትዝታቸውን በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አውጥቷል። ሊቅ አባት ያለው ሁሉ ይህን አያደርግም። ገጣሚ የአባቱን አነጋገር እንዲህ በጥሞና ሲሰማ ስናይ፣ ጆሮው የት ቤት እንደተሟሸ ይገባናል። ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. መድበሉን «ልጅነት» ብሎ ቢያወጣው ክርክሩ ሁሉ ቤት መታ አልመታም ላይ ሆነ፤ ዛሬም ስሙ ሲነሣ እዚያው ላይ እንከርማለን። ርእሱን ግን ማን ልብ አለው? ታላቁ ድምፅ የምንለው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንኳ፣ የ1966 ዓ.ም. «እሳት ወይ አበባ» ባለቤት፣ ስለ አዋሽ ሲገጥም ወንዙ አዋሽ ነው፤ ስሙን ፍቀህ ሌላ ወንዝ አትተካበትም። አዋሽ ከጊንጪ ወገን ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ግጥሙን በግማሽ ጆሮው ነው የሚሰማው።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነገር ትንሽ ያቆመናል። ሠዓሊ ነበር። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ሞተ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በመጽሐፍ የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። «ሀገሬ»ን በየመድረኩ በቃላችን እንወጣዋለን፤ የአገር ተፈጥሮ ሲወደስ ሁላችንም ከዚያ እንኮርጃለን። የምንኮርጀው ውዳሴውን ነው። የሠዓሊውን ዓይን መኮረጅ ይበልጥ ያደክማላ! ቀለም የሚቀላቅል ሰው አረንጓዴ ብሎ ዝም አይልም፤ የትኛው አረንጓዴ ይላል። የእኛ ግጥሞች ግን ሁሉም «ለምለም» ናቸው፤ ባሌም ለምለም፣ ጋሞም ለምለም፣ ጓሯችንም ለምለም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ እንዋሻለን። ይህ አቋማችን በግቢው ከተሰማ ወዲህ «የዕለት ኑሮ» ግጥም እንደ ጎርፍ እየመጣብን ነው። አንዱ ስለ ቡና ነው። ጀበናው አለ፣ ረከቦቱ አለ፣ ስኒው፣ ዕጣኑ፣ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሁሉም በተራ በተራ አለ። አንድም የጎደለ የለም፤ እንደ ዕቃ ቆጠራ። ቡናውን የምታፈላው ሴት ግን የለችም፤ ጎረቤቷ ለምን ዛሬ እንዳልመጣች የሚናገር የለም። ይህ ያው ሻማው ነው፣ ዕቃ ቀይሮ መጣ እንጂ። የዕቃ ስም መጥራት ማየት አይደለም። መለስነው፤ በዚህኛው መመለሳችን እስካሁን አልጸጸተንም።

ታዲያ የማሟሻው ግጥም በምን ተለየ? ወደ አራቱ ስንኞች እንመለስ። ምጣኔው የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት። የመጀመሪያው ስንኝ ለሁለት ሲከፈል ልክ እንደ እንጀራው ነው፦ በዚህ ወገን «ለሷ»፣ በዚያ ወገን «ለኛ»። ሚዛኑ እኩል፣ ድርሻው ግን እኩል አይደለም። «ለኛ» ብላ ስትጀምር ጆሯችን «ተኛ» የሚል ቤት መድፊያ ይጠብቃል፤ የሚተኙትም ልጆቹ ይመስሉናል። የተኛው ግን እሳቱ ሆነ። ልጆቹ በልተዋል፣ እሳቱ ተኝቷል፣ ሴትዮዋ ገና አልተቀመጠችም። ያን ዕለት ይህን ቃል ለቤት መምቻ የመጣ ነው ብለን አልፈነዋል። ደግሞ «ያቺን» አላለችም፣ «ያቺኑ» አለች። በዚያች በአንዲት ፊደል ውስጥ ትናንትም፣ አምናም፣ ሌላ ሳለም ያቺኑ የሚል አለ። በመጨረሻም አንድም ቦታ እናቴ ደግ ነበረች፣ እናቴ ተሠቃየች አይልም። «አልጠየቅናትም» ነው ያለው፤ ጣቱ ወደ ልጆቹ ነው፤ ከነሱም አንዷ ጸሐፊዋ ናት። እኛ ወርቅ ስንፈልግ የሸሸነው ይህንን ይመስለናል። የተበላውን ማሟሻ ብንቀበል እኛም ቤት ማን እንደበላው ማሰብ ሊኖርብን ነው። «እኛም ቤት እኮ እንጀራ ይጋገራል» ያለው ጓደኛችን ባለፈው ሳምንት፣ ማሟሻዋን ማን ይበላት እንደነበር ትዝ ሊለው እንዳልቻለ ነግሮናል። አሁን አልሳቀም።

እንከን የለውም አንልም። «ነገረች» እና «ጎረሰች» በ«ች» ብቻ ነው የሚገናኙት፤ የፊተኞቹ ሁለት ስንኞች ቤት ጥብቅ ሆኖ ሳለ እዚህ ላይ ላላ ብሏል። «ዓይናማ» የሚለው ቃልም ለእንጀራ ሲነገር የሰማ ከመካከላችን የለም፤ «ዓይን ያወጣች» ነው የምንለው። ስለ ጭሱ የሚሉት ስንኞች ደግሞ ከሚገባው በላይ ረዝመዋል፤ ሁለቱ ቢወጡ ጭሱ የሚቀንስ አይደለም። የለሰለሰውን ግድግዳ ግን ማንም እንዳይነካው።

ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት አንብባው እንደሆነ ትናገር ብለን ወደ ልጅቱ ልከንላት ነበር። ሙሉውን ግጥም እንድናትመው ስንጠይቃትም ላስብበት አለች። አራቱን ስንኞች ያወጣናቸው በፈቃዷ ነው። «ዓይናማ»ን እንደማትለውጥ አስታውቃናለች፤ ቃሉ የእናቷ ነው። ወደ ክበቡ ትመለስ እንደሆነ አልጠየቅናትም።